ለጎልማሳው የወጣ ስም በጨቅላው ላይ፦ የነርቭ አቀባዮችና ተቀባዮች ስያሜ ሲመረመር

ይህ ጽሑፍ የሚመረምረው ጠባብ የሚመስል የስያሜ ጉዳይ ነው። በአጥቢ እንስሳት አንጎል ውስጥ፣ ከፅንስ ጊዜ አንሥቶ እስከ ጉልምስና ድረስ፣ የነርቭ መልእክት ተቀባዮች መቼ፣ የትና ከምን ከምን ተዋቅረው እንደሚገኙ የሚያጠና አንድ የሳይንስ ክፍል አለ። የዚህ ክፍል ቃላት ወደ አማርኛ ሲመለሱ ምን እንደሚደርስባቸው ማየት የጽሑፋችን ዓላማ ነው። ጉዳዩ ጠባብ ይምሰል እንጂ ቃላቱ ከላቦራቶሪ ወጥተው ወደ መማሪያ መጽሐፍ፣ ከመማሪያ መጽሐፍም ወደ መድኃኒት መግለጫና ወደ ሐኪም አፍ ይገባሉ። ጨቅላዋ የታመመባት እናት በመጨረሻ የምትሰማው ተርጓሚው የመረጠውን ቃል ነው።

ሒሳችን ሁለት ወገን አለው። አንደኛው እንግሊዝኛው ስያሜ ራሱ የተሸከመው ጉድለት ነው፤ ሁለተኛው ያ ጉድለት ሳይመረመር ከነሸክሙ ወደ አማርኛ መሻገሩ ነው። አማርኛ በዚህ መስክ ቃሉን ገና በመምረጥ ላይ ያለ ቋንቋ እንደ መሆኑ መጠን ቀደም ብለው የሰየሙ ቋንቋዎች ያላገኙት ዕድል አለው፤ ከስያሜው በኋላ የታወቀውን እውነት ከመነሻው በስያሜው ውስጥ ለማስገባት ይቻለዋል። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ሀ. ተቀባይና አቀባይ

ከሚመሰገነው እንጀምር። ኬሚካላዊ መልእክት የሚያገኘውን የሕዋስ ፕሮቲን «ተቀባይ» ማለት በአማርኛ ተለምዷል፤ ተገቢም ነው። የሐሳቡ ታሪክም ይደግፈዋል። ጀርመናዊው ፖል ኤርሊኽ በ1900 «ሪሴፕተር» የሚለውን ቃል ሥራ ላይ ሲያውል፣ እንግሊዛዊው ጆን ላንግሌይም በ1905 ኒኮቲንና ኩራሬ የተባለው መርዝ በጡንቻ ላይ የሚያደርሱትን ተመልክቶ «ተቀባይ የሆነ ነገር በሕዋሱ ውስጥ አለ» ወደሚል ሐሳብ ሲደርስ፣ ሁለቱም ፕሮቲኑን በዓይን አላዩትም፤ ስሙን ያወጡት ከሥራው ተነሥተው ነው።

«ተቀባይ» እጁን ዘርግቶ የተሰጠውን ብቻ የሚይዝ ሰው ያስመስላል የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የፕሮቲኑ ሥራ በእርግጥ መያዝ ብቻ አይደለም። መልእክቱ ሲደርሰው ቅርጹን ይለውጣል፤ ከዚያም ወይ ራሱ ቦይ ሆኖ አዮኖችን ያሳልፋል፣ ወይ በሕዋሱ ውስጥ ሌላ ኬሚካላዊ ሥራ ያስጀምራል። ለተቃውሞው መልስ የሚሰጠው ግን አማርኛው ራሱ ነው። በዘፈን ላይ አውጪው ሲያወጣ ተቀባዩ ዝም ብሎ አይሰማም፤ ተረክቦ በራሱ ድምፅ ይመልሳል። በዚህ ትርጉሙ «ተቀባይ» ከእንግሊዝኛው የተሻለ እንጂ ያነሰ አይደለም።

ቅሬታችን በጥንዱ ላይ ነው። መልእክቱን የሚያደርሰው ኬሚካል በብዛት «የነርቭ መልእክት አስተላላፊ» እየተባለ ይተረጐማል። «አስተላላፊ» ለሬዲዮ መሣሪያም፣ በሽታ ለምታዛምት ትንኝም የሚያገለግል ቃል ከመሆኑ በላይ ከ«ተቀባይ» ጋር የሥር ዝምድና የለውም። በአንጻሩ «አቀበለ» እና «ተቀበለ» ከአንድ ሥር የወጡ ጥንድ ናቸው። ለግንበኛ ጭቃና ድንጋይ የሚያቀብለው ሠራተኛ አቀባይ ነው፤ «ቃል አቀባይ» የሚለውም ስያሜ በመንግሥትና በጋዜጣ ቋንቋ ጸንቶ ከቆመ ቆይቷል። ስለዚህ ኬሚካሉን «የነርቭ አቀባይ»፣ ፕሮቲኑን «ተቀባይ» ብንል፣ ሁለቱ ቃላት አንዱ ሌላውን እያስታወሱ ይሄዳሉ።

እዚህ ላይ ተርጓሚው አንድ ጥንቃቄ ማድረግ ይኖርበታል። በጎልማሳ አንጎል አቀባዩ የሚለቀቀው በአብዛኛው በሁለት ነርቭ ሕዋሳት መካከል ባለው ጠባብ መገናኛ፣ በሲናፕስ፣ ነው። በመሠራት ላይ ባለ አንጎል ግን ተቀባዮች ሲናፕስ ከመኖሩ አስቀድሞ፣ ሕዋሱ ወደ መኖሪያው በመጓዝ ላይ እንዳለ እንኳ ይገኛሉ፤ አቀባዩም በሕዋሳት መካከል ተሰራጭቶ ይደርሳቸዋል። «የሲናፕስ አቀባይ» የሚለውን ስያሜ ትተን «የነርቭ አቀባይ» የሚለውን የመረጥነው በዚህ ምክንያት ነው። የመጀመሪያው ስም ለጎልማሳው ልክ ይሆናል፤ ለፅንሱ ግን ገና ያልተሠራ ቦታ ስም ነው። ይህ ልዩነት ከዚህ በታች በምናነሣቸው ቃላት ላይ ሁሉ ተመልሶ ይመጣል።

ለ. «መገለጥ» ስንት ነገር ይሸፍናል?

በዚህ ዘርፍ ጽሑፎች ውስጥ ደጋግሞ ከሚታዩት የእንግሊዝኛ ቃላት አንዱ «ኤክስፕሬሽን» ነው። ተርጓሚው በቀላሉ የሚያገኘው የአማርኛ አቻ «አገላለጽ» ወይም «መግለጽ» ነው። ውጤቱ ግን አሳሳች ነው። «የተቀባዮች አገላለጽ በጨቅላ አንጎል» የሚል ርእስ ያየ አማርኛ አንባቢ፣ ስለ ተቀባዮች የተሰጠ ማብራሪያ እንጂ ስለ ተቀባዮቹ መሠራት የሚነገር ነገር አይጠብቅም። ገላጩ ማን እንደሆነም ይጠይቃል፤ በጽሑፉ ውስጥ ግን ገላጭ የለም።

«መገለጥ» ከእነዚህ ይሻላል፤ ተደራጊ ግሥ በመሆኑ ገላጭ አያስፈልገውም። ሆኖም «ተገለጠ» የሚባለው አስቀድሞ የነበረ፣ ነገር ግን ተሰውሮ የቆየ ነገር ሲታይ ነው። የቤተ ክርስቲያን ቋንቋ ቃሉን በዚህ ትርጉሙ አጽንቶታል። ለጂን ቃሉ ልክ ነው፤ ጂኑ በሕዋሱ ውስጥ ቀድሞም አለና፣ ሥራ ላይ ሲውል «ተገለጠ» ቢባል አያስነቅፍም። ተቀባዩ ፕሮቲን ግን አስቀድሞ አልነበረም፤ አሁን ተሠራ እንጂ ከተሰወረበት አልወጣም።

ነገሩ የቃል ውበት ጉዳይ ብቻ አይደለም። እንግሊዝኛው በአንድ ቃል የሸፈነውን ተመራማሪዎቹ በተለያዩ መሣሪያዎች የሚለኩት የተለያየ ነገር ነው። ሦስት ምሳሌዎች እንመልከት። በ1992 ሎሪ፣ ዊስደንና ሲበርግ ጋባ ኤ የተባለው ተቀባይ የሚዋቀርባቸውን 13 ንኡሳን ክፍሎች በፅንስና በጨቅላ አይጠ መጎጥ አንጎል ውስጥ በተከታተሉ ጊዜ የለኩት ፕሮቲኑን ሳይሆን የጂኑን ቅጂ፣ ማለትም መልእክተኛ አር ኤን ኤውን ነበር። በ1991 ሊዶው፣ ጎልድማን ራኪችና ራኪች በሬሰስ ጦጣ የአንጎል ቅርፊት ላይ የሠሩት ጥናት ደግሞ ጨረር በሚያመነጭ ምልክት የተለዩ ውሁዶች የሚያያዙባቸውን ቦታዎች ለካ፤ በዚያም የዶፓሚን፣ የአድሬናሊን፣ የሴሮቶኒን፣ የአሴቲልኮሊንና የጋባ ተቀባዮች ከተወለዱ በ2 እና በ4 ወር መካከል ከፍተኛ ብዛት ላይ ደርሰው ከዚያ በኋላ ወደ ጎልማሳው መጠን እንደሚቀንሱ ታየ። ሦስተኛው መንገድ አቀባዩን በሕዋሱ ላይ አፍስሶ የሚፈጠረውን የኤሌክትሪክ ጅረት መለካት ነው።

የጂን ቅጂ መኖር ፕሮቲን ለመሠራቱ ማረጋገጫ አይሆንም። የተሠራ ፕሮቲንም በሕዋሱ ውስጥ ተከማችቶ ሊቀር ይችላል። የሚያያዝበት ቦታ ያለው ተቀባይም ምን እንደሚመልስ ከመያያዙ ብቻ አይታወቅም። በመሆኑም አንድ አማርኛ ቃል ለሦስቱም ሲሰጥ አንባቢው የቱ እንደተለካ የሚያውቅበት መንገድ ይዘጋል።

በእኛ አስተያየት አማርኛው እነዚህን በአራት ግሦች ሊለይ ይችላል። ጂኑ «ይገለጣል»፤ ፕሮቲኑ «ይሠራል»፤ በሕዋሱ ሽፋን ላይ «ይተከላል»፤ አቀባዩ ሲደርሰው «ይመልሳል»። አራቱም ማንም የሚያውቃቸው ግሦች ናቸው፤ አዲስ ቃል መፍጠር አላስፈለገም። ተርጓሚው ምንጩ «ኤክስፕሬሽን» ብሎ ባለፈበት ቦታ ሁሉ ከአራቱ አንዱን ለመምረጥ የአሠራር ዘዴውን ክፍል ማንበብ ይኖርበታል። ይህ ተጨማሪ ድካም መሆኑ አይካድም፤ ነገር ግን ትርጉም የሚባለው ሥራ ይኸው ድካም ነው።

ሐ. ገቺና ቀስቃሽ

የሒሳችን ዋና ነጥብ እዚህ ላይ ነው። ጋማ አሚኖ ቡቲሪክ አሲድ፣ ባጭሩ ጋባ፣ በአንጎል ውስጥ መኖሩን አሜሪካዊው ዩጂን ሮበርትስ በ1950 አሳወቀ። በ1957 ቤዝሞር፣ ኤልየትና ፍሎሪ፣ ከአጥቢዎች አንጎል የወጣና ክሬይፊሽ በተባለ የውሃ እንስሳ ነርቭ ላይ ተፈትኖ የነርቩን እንቅስቃሴ የሚያቆም «ፋክተር አይ» የተሰኘ ንጥረ ነገር ጋባ ሆኖ መገኘቱን አሳዩ። «አይ» የምትለው ፊደል «መግታት» ለሚለው የእንግሊዝኛ ቃል የቆመች ነበረች። እንግዲህ መግታት ከንጥረ ነገሩ ስም ጋር የተጣበቀው ገና ከጠዋቱ ነው። ከዚያ ወዲህ መማሪያ መጻሕፍት ጋባን «ዋናው ገቺ»፣ ግሉታሜትን «ዋናው ቀስቃሽ» እያሉ ያስተምራሉ። በአማርኛም «ገቺ»፣ «አጋጅ»፣ «ከልካይ» የሚሉ ቅጽሎች በቀላሉ ይከተላሉ።

በ1989 የሁዝቅኤል ቤን አሪና ባልደረቦቹ ከተወለዱ ጥቂት ቀናት በሆናቸው የአይጠ መጎጥ ግልገሎች ሂፖካምፐስ ላይ ያወጡት ጥናት ይህን ስም አናጋው። በእነዚህ ግልገሎች ውስጥ ጋባ የነርቭ ሕዋሱን ከመግታት ይልቅ ወደ መነሣሣት ይገፋው ነበር። ምክንያቱ ምንድን ነው? የጋባ ኤ ተቀባይ ሲከፈት በዋናነት የሚያሳልፈው አሉታዊ ሙል ያለውን የክሎራይድ አዮን ነው። በጎልማሳ ነርቭ ውስጥ የክሎራይድ መጠን ዝቅተኛ ስለሆነ ቦዩ ሲከፈት ክሎራይድ ወደ ውስጥ ይገባል፤ የሕዋሱ ውስጥ ይበልጥ አሉታዊ ይሆናል፤ ሕዋሱም ይረጋል። በጨቅላው ግን ኤን ኬ ሲ ሲ 1 የተባለው አጓጓዥ ፕሮቲን ክሎራይድን ወደ ውስጥ ሲያስገባ ስለሚቆይ የውስጡ መጠን ከፍተኛ ነው፤ ያው ቦይ ሲከፈት ክሎራይድ ይወጣል፤ ሙሉም ወደ አዎንታዊ ያዘነብላል። በ1999 ሪቬራና ባልደረቦቹ ለውጡን የሚያመጣው ኬ ሲ ሲ 2 የተባለ፣ ክሎራይድን ከሕዋሱ የሚያስወጣ ሌላ አጓጓዥ በዕድገት ሂደት እየበዛ መሄዱ እንደሆነ አሳዩ።

ከዚህ የሚወጣው የመጀመሪያ ትምህርት ግልጽ ነው። መግታት የጋባ ባሕርይ አይደለም፤ ጋባ፣ ተቀባዩና በሕዋሱ ውስጥ ያለው ክሎራይድ በአንድነት የሚያስገኙት ውጤት ነው። ውጤቱን ለአንዱ ተሳታፊ ስም አድርጎ መስጠት፣ ዳኛው ሳይፈርድ ከሳሹን «ረቺ» ብሎ እንደ መጥራት ነው።

ሁለተኛው ትምህርት ከመጀመሪያው ይልቅ ለተርጓሚ ይጠቅማል። «ገቺ» ስሕተት ከሆነ በጨቅላው ዘንድ «ቀስቃሽ» እንበለው የሚል መፍትሔ ወዲያው ይመጣል፤ በእንግሊዝኛም «ቀስቃሽ ጋባ» የሚለው አነጋገር ተስፋፍቶ ይገኛል። ይህም አያዛልቅም። በ1989 የቀረበው ማስረጃ የተገኘው ተቆርጦ በብርጭቆ ዕቃ ውስጥ በሕይወት ከቆየ የአንጎል ክፋይ ነው። በ2015 ኪርምሴና ባልደረቦቹ በሕይወት ባሉ የአይጥ ጨቅላዎች የአንጎል ቅርፊት ላይ ባደረጉት ምርመራ፣ ጋባ የእያንዳንዱን ሕዋስ ሙል ወደ አዎንታዊ ቢያዘነብልም የሕዋሳቱን አጠቃላይ እንቅስቃሴ ግን እንደሚገታ አገኙ። ቦዩ ሲከፈት ሌላው ጅረት በዚያው ሾልኮ ስለሚባክን፣ የሙሉ ወደ አዎንታዊ መዞር ብቻውን ሕዋሱን ለመቀስቀስ አይበቃም።

ስለሆነም ሦስት ነገሮች ተለይተው ሊሰየሙ ይገባል፤ የሙሉ አቅጣጫ፣ የአንዱ ሕዋስ መልስ፣ የብዙ ሕዋሳት ጉባኤ እንቅስቃሴ። ለመጀመሪያው «ወደ አዎንታዊ ማዘንበል» እና «ወደ አሉታዊ ማዘንበል» እንላለን። «መቀስቀስ» እና «መግታት» ለሁለተኛውና ለሦስተኛው ብቻ ይጠበቁ፤ የማን መቀስቀስ እንደሆነም በዓረፍተ ነገሩ ይነገር። «አነቃቂ» የሚለውን ቃል ሆን ብለን ትተነዋል፤ ቡናንና እንቅልፍ የሚያባርሩ መድኃኒቶችን በመጥራት ተይዟልና።

ስያሜው ምን ያህል ርቆ እንደሚሄድ ለማየት የጨቅላዎችን የመንዘፍዘፍ ሕመም መጥቀስ ይበቃል። ለዚህ ሕመም ሲሰጥ የኖረው ፌኖባርቢታል የጋባ ኤ ተቀባይን ሥራ የሚያጠናክር መድኃኒት ነው። በ1999 በ59 ጨቅላዎች ላይ ተደርጎ በኒው ኢንግላንድ ጆርናል ኦቭ ሜዲስን የወጣ ጥናት፣ ፌኖባርቢታል በመጀመሪያ ከተሰጣቸው ሕፃናት መካከል መንዘፍዘፉ የተገታላቸው 43 በመቶ መሆናቸውን፣ ፌኒቶይን በተሰጣቸውም 45 በመቶ መሆኑን አመለከተ። «ገቺ» የሚለውን ስም የተማረ አንባቢ የመድኃኒቱ ውሱንነት ግራ ያጋባዋል፤ ገቺን የሚያጠናክር ነገር እንዴት ሁሉን አይገታም? «በጨቅላ ቀስቃሽ ነው» የሚለውን ስም የተማረ ደግሞ መድኃኒቱ ጎጂ ነው ወደሚል ድምዳሜ ሊሮጥ ይችላል። ሁለቱም ይሳሳታሉ። በ2020 የታተመው ንጽጽር ፌኖባርቢታል ከሌቬቲራሴታም በእጅጉ የተሻለ ሆኖ ማግኘቱን ገልጿል፤ የሚጥል በሽታን የሚመለከተው ዓለም አቀፍ ማኅበር በ2023 ያወጣው መመሪያም ፌኖባርቢታልን ለጨቅላዎች የመጀመሪያ ምርጫ አድርጎታል። የመድኃኒቱ ጉዳይ የሐኪም ነው፤ ከስም ብቻ ተነሥቶ የሚሰጥ ፍርድ እንዳይኖር ማድረግ ግን የሰያሚው ፈንታ ነው።

መ. መተካትና መገልበጥ

እንግሊዝኛው በዚህ ዘርፍ ያበዛው ሌላ ቃል «ስዊች» ነው፤ ቃሉ መብራት ማብሪያውንም ሆነ መቀየርን የሚያመለክት ነው። ከላይ ያየነው የጋባ ለውጥ «ስዊች» ይባላል። ከዚህ ፈጽሞ የሚለይ ሌላ ክንውንም በዚሁ ቃል ይጠራል።

ሁለተኛው ክንውን ይህ ነው። ተቀባይ ብዙ ጊዜ ከአራት ወይም ከአምስት ንኡሳን ክፍሎች የሚገጣጠም ፕሮቲን ነው። በዕድገት ሂደት አንዱ ክፍል ቀርቶ ሌላው በቦታው ይገባል። ከአንጎል ውጪ ቢሆንም ግልጹ ምሳሌ የጡንቻው የአሴቲልኮሊን ተቀባይ ነው፤ በ1986 ሚሺናና ባልደረቦቹ በከብት ጡንቻ ላይ እንዳሳዩት፣ በፅንሱ ጋማ የነበረው ክፍል በጎልማሳው በኤፕሲሎን ይተካል። በአንጎል ውስጥ ደግሞ ኤን ኤም ዲ ኤ የተባለው የግሉታሜት ተቀባይ በጨቅላነት በብዛት የሚይዘው 2ቢ የተባለውን ክፍል ነው፤ እያደር 2ኤ የተባለው ይበረክታል፤ ሞንየርና ባልደረቦቹ በ1994 ይህን በሰፊው አቅርበዋል። የተቀባዩ ጅረት በጨቅላው ረዘም ያለ፣ በጎልማሳው ቶሎ የሚያበቃ የሚሆነው በዚህ ነው። ካርሚኞቶና ቪቺኒ በ1992 እንዳሳዩት፣ ግልገሎቹ በጨለማ ሲያድጉ በአንጎላቸው የእይታ ክፍል ይህ የጅረት ማጠር ይዘገያል፤ ለውጡን ዕድሜ ብቻ ሳይሆን ብርሃን ማየትም ያፋጥነዋል ማለት ነው።

በዚህኛው ክንውን ተቀባዩ ራሱ ተለውጧል። በጋባ መገልበጥ ግን የለውጡ ምክንያት ከተቀባዩ ውጪ ያለው የክሎራይድ ሚዛን ነው። በዚያው ዘመን የጋባ ኤ ተቀባይ ንኡሳን ክፍሎችም የሚተካኩ መሆናቸው እውነት ነው፤ የፍሰቱን አቅጣጫ የገለበጠው ግን ያ መተካካት አይደለም። እንግሊዝኛው ሁለቱን በአንድ ቃል ሲጠራ ተማሪው አንዱን በሌላው ምክንያት እንዲያስረዳ ያሳስተዋል። ሁለቱንም «መቀየር» የሚል አማርኛ ትርጉምም ከዚሁ ወቀሳ አያመልጥም። «መተካት» ለንኡሳን ክፍሎቹ፣ «መገልበጥ» ለፍሰቱ አቅጣጫ ቢሰጥ፣ አማርኛው ከምንጩ የጠራ ይሆናል።

በዚህ አጋጣሚ ስለ ኮድ ስሞች አንድ ነገር እንበል። ኤን ኤም ዲ ኤ የአንጎል አቀባይ ስም አይደለም፤ ተመራማሪዎች ተቀባዩን ከሌሎች ለመለየት የተጠቀሙበት ውሁድ ስም ነው። «ኒኮቲናዊ» እና «ሙስካሪናዊ» የተባሉትም የአሴቲልኮሊን ተቀባዮች ስማቸውን ያገኙት ከትምባሆና ከእንጉዳይ መርዝ ነው። እንዲህ ያሉ ስሞች አይተርጐሙ፤ በፊደላችን ይጻፉ። በ2009 የወጣው ዓለም አቀፍ የስያሜ ማሻሻያ ቀድሞ ኤን አር 2ቢ ይባል የነበረውን ግሉ ኤን 2ቢ እንዳለው ሁሉ፣ ኮድ በስምምነት ይለወጣል። ዛሬ ተርጉመን ብናስቀምጠው ነገ ከሁለቱም የተለየ ሦስተኛ ስም ይዘን እንቀራለን።

ሠ. «በማደግ ላይ ያለ» አንጎልና አይጡ

ጥቂት አነስተኛ ነጥቦች ይቀራሉ። «በማደግ ላይ ያለ አንጎል» የሚለው ሐረግ «በማደግ ላይ ያሉ አገሮች» ከሚለው ጋር አብሮ የሚሰማ ከመሆኑም በላይ፣ በመጠን መጨመርን ከአሠራር መቀየር አይለይም። በላይኛው የጦጣ ጥናት እንዳየነው ተቀባዮች በዝተው በኋላ ይቀንሳሉ፤ ይህ መቀነስ «ማደግ» በሚለው ቃል ሥር እንዴት ሊገባ ይችላል? «በመሠራት ላይ ያለ አንጎል» ሁለቱንም ያቅፋል። «ያልበሰለ አንጎል» የሚለውም ይቅር፤ ጨቅላውን ጎደሎ ጎልማሳ አድርጎ ያቀርበዋል። የጨቅላው ተቀባይ ግን በዕድሜው ሊሠራ የሚገባውን የሚሠራ ነው።

መብዛቱን ተከትሎ የሚመጣውን መቀነስ ከእርሻ ቋንቋ «ማሳሳት» ለማለት ያምራል፤ ገበሬ የበዛ ቡቃያን ያሳሳልና። ነገር ግን «አሳሳ» እና «አሳሳተ» በንኡስ አንቀጻቸው በጽሕፈት አንድ ሆነው ስለሚመጡ፣ «የሲናፕሶች ማሳሳት» የሚለው ሐረግ የማታለል ወሬ ይመስላል። «መመልመል» ዛፍን ለሚያስተካክል አትክልተኛ ደግ ቃል ነበር፤ ለሠራተኛና ለወታደር መምረጫ ከዋለ ወዲህ ግን የቀሩትን እንጂ የተወገዱትን አያስታውስም። ስለዚህ ተቀባዮች «ቀነሱ» ማለቱ ብቻ ይበቃል፤ ሜዳ ቃል ካለ ጌጥ ፍለጋ መሄድ አያስፈልግም።

«አይጥ» የሚለውም ቃል ወጥመድ አለበት። እንግሊዝኛው ሁለት እንስሳትን በሁለት ቃል ሲለይ ተርጓሚው ሁለቱንም «አይጥ» ይላቸዋል። የ1989ኙና የ2015ቱ ጥናቶች በተለያዩ እንስሳት ላይ የተደረጉ ናቸውና ልዩነቱ ዋጋ አለው። ለትልቁ «አይጠ መጎጥ» የሚል የቆየ ቃል እያለን ልዩነቱን ማጥፋት ሰበብ የለውም። «አንጎል» እና «አእምሮ» እንዲሁ ይለዩ፤ ተቀባይ በአንጎል ውስጥ ይተከላል፤ በአእምሮ ውስጥ የሚተከለው ሐሳብ ነው።

ረ. ማጠቃለያ

ከላይ የተባለውን በሥራ ላይ ለማየት አንድ ዓረፍተ ነገር እንመርምር። ለምሳሌ ያህል ያዘጋጀነው ቢሆንም አሠራሩ ለአንባቢ እንግዳ አይሆንም፦ «ገቺው አስተላላፊ ጋባ በማደግ ላይ ባለው የአይጥ አንጎል ውስጥ የተቀባዮች አገላለጽ ሲቀየር ቀስቃሽ ይሆናል።» ዓረፍተ ነገሩ አጭር ነው፤ ለጆሮም አይከብድም። ነገር ግን ጋባን በአንድ ትንፋሽ ገቺም ቀስቃሽም ይለዋል፤ እንስሳውን፣ ዕድሜውንና የአንጎሉን ክፍል አይለይም፤ የተቀባዮችን መተካት የመገልበጡ ምክንያት ያደርጋል፤ የጊዜውን ቅደም ተከተልም ያዛባል።

በሐሳባችን መሠረት ይህ ነው፦ «በአይጠ መጎጥ ሂፖካምፐስ ውስጥ፣ ከልደት በኋላ ባሉት የመጀመሪያ ቀናት፣ ጋባ ተቀባዩ ላይ ሲያርፍ ክሎራይድ ከሕዋሱ ይወጣል፤ የሕዋሱም ሙል ወደ አዎንታዊ ያዘነብላል። ኬ ሲ ሲ 2 የተባለው አጓጓዥ በብዛት ተሠርቶ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ሲተከል ፍሰቱ ይገለበጣል።»

ሁለተኛው ይረዝማል። የረዘመው ግን በዓረፍተ ነገሩ እንጂ በስያሜዎቹ አይደለም፤ አቀባይ፣ ተቀባይ፣ መተከል፣ መገልበጥ ሁሉም አጫጭር ቃላት ናቸው። መርሓችንም ከዚህ ይወጣል። ስም ለጸናው ይሰጥ፤ ለንጥረ ነገሩ ማንነት፣ ለአያያዙ፣ ለአሠራሩ ቅርጽ። ከዕድሜ ጋር የሚለዋወጠው ሥራ ደግሞ ለግሥ ይተው፤ ግሥ ጊዜን፣ አድራጊንና ተደራጊን የመሸከም አቅም አለውና። የአማርኛ ግሥ በዚህ በኩል የታወቀ ባለጸጋ ነው። ሥራውን በስም ላይ የምንጭን ከሆነ፣ ለጎልማሳው አንጎል የወጣው ስም ጨቅላው ላይ ሲደርስ እያንዳንዱ ተርጓሚ በየመጽሐፉ «ግን በሕፃናት ዘንድ እንዲህ አይደለም» የሚል ማስጠንቀቂያ እየጨመረ ሊኖር ነው፤ ማስጠንቀቂያውን የረሳ ዕለት ደግሞ ስሕተቱ ስም ሆኖ ይታተማል።